ማሽን ከመቀየርህ በፊት

አሶሳ አካባቢ በማሽን (መሬት ውስጥ ያለ ብረትን በድምፅ በሚጠቁም መሣሪያ) ወርቅ የሚፈልጉ ልጆች ብዙ ጊዜ አንድ ነገር ይጠይቁኛል፤ "ያለኝን ሸጬ ከፍ ያለውን ልግዛ?"

መጀመሪያ ቦታህ ምን እንደሚሰጥ እወቅ። ስታጥበው ገበቴው ላይ የሚቀርልህ እንደ ዱቄት የደቀቀ ወርቅ ብቻ ከሆነ ብርህን ያዝ። ያን የትኛውም ማሽን አይሰማውም። ፍሬ ወርቅ የሚወጣበት ከሆነ ግን እንነጋገር።

ቀጥሎ አፈሩ ነው። ጎልድ ሞንስተር 1000 የሚባለው ማሽን በ45 ኪሎኸርዝ፣ ማለትም በከፍተኛ ድግግሞሽ ስለሚሠራ ጥቃቅን ፍሬ ላይ ጎበዝ ነው። ብረት የበዛበት ቀይ አፈር ላይ ሲገባ ግን ይንጫጫል፣ ጥልቀቱም ይቀንሳል። በፐልስ፣ ማለትም አጫጭር የማግኔት ምት ወደ መሬት እየላከ የሚሠራው ጂፒኤክስ 5000 እንዲህ ያለውን አፈር በደንብ ይችለዋል።

በወሬ አትግዛ፣ ፈትን። ሽምብራ የምታህል እርሳስ ቁረጥ፤ ለማሽን እርሳስ ከወርቅ ጋር ተቀራራቢ ድምፅ አለው። ከጉድጓድ ግድግዳ በጎን ሰርስረህ 15 ሳንቲሜትር ጥልቀት ላይ አስገባት። ከላይ ያለው አፈር አይነካ፤ የተገለበጠ አፈር ያሳስታል። ከጓደኛ የተሻለውን ማሽን ተዋስ። ማዳመጫ አድርገህ ሁለቱንም በተራ፣ ቀስ እያልክ አሳልፋቸው። ያንተም ጥርት አድርጎ ከጮኸ ምን አስቸኮለህ? የሚጎድልህ አዲስ መሬት ሊሆን ይችላል።

ለመግዛት ከወሰንክ ፎርጅድ ተጠንቀቅ። የሁለቱም ማሽኖች አምራች ሚንላብ ራሱ በስሙ ስለሚሸጡ የውሸት ማሽኖች አስጠንቅቋል። ሲሪያል ቁጥሩን ሳታጣራ፣ እዚያው መሬት ላይ ሳትሞክረው ብር አትቁጠር።