አባላቱ የሚለዋወጡበትን የድሬዳዋ ባንድ ታሪክ እንዴት መጻፍ ይቻላል?

በራሱ ወጪ ዘፈን የሚቀዳ የሰፈር ባንድ ታሪክ ሲጻፍ፣ ብዙውን ጊዜ የሚጻፈው የድምፃዊው ታሪክ ነው። በ1950ዎቹ ድሬዳዋ ውስጥ የተመሠረተው አፍራን ቀሎ የተባለው የሙዚቃ ቡድን እንኳ ዛሬ በአብዛኛው የሚነሳው በልጅነቱ ከተቀላቀለው ከድምፃዊው ዓሊ ቢራ ጋር ተያይዞ ነው። ስለዚህ ሥራውን ከሰዎቹ ሳይሆን ከመሣሪያዎቹ መጀመር ይሻላል፤ በሰፊ ወረቀት ላይ ዓመታቱን ከላይ፣ ድምፅን፣ ኪቦርድን፣ ሊድና ቤዝ ጊታርን እንዲሁም ድራምን በጎን ጽፎ፣ እያንዳንዱን ማን ከመቼ እስከ መቼ እንደያዘው መሙላት ነው። ባዶ የቀረው ቦታ ቀጥሎ ማን መጠየቅ እንዳለበት ያመለክታል።

አስቸጋሪው ዓመቱን ማግኘት ነው። ሙዚቀኛ «መቼ ወጣህ?» ሲባል እምብዛም ዓመት አይጠራም፤ «የደቻቱ ጎርፍ ሲመጣ፣ በሐምሌ 1998፣ ቤዝ የሚመታው ማን ነበር?» ተብሎ ሲጠየቅ ግን ከነልምምድ ቤቱ ያስታውሳል። ጎርፉ ብዙ ቤት ስለወሰደ፣ ፎቶግራፍና ካሴት የጠፋበትን አባል ማስረጃ አምጣ ብሎ መጨቅጨቅ አይገባም። ውጭ አገር የሚኖሩት ዓመቱን በፈረንጆች ከነገሩን፣ ድርጊቱ ከእኛ አዲስ ዓመት እስከ እነርሱ አዲስ ዓመት ባለው ጊዜ የተፈጸመ ከሆነ 7፣ ከዚያ ውጭ ከሆነ 8 ዓመት መቀነስ ያስፈልጋል። በደርግ ዘመን የጀመሩትን አንጋፋዎች ደግሞ በየትኛው ቀበሌ ኪነት፣ ማለትም የቀበሌ የሙዚቃ ቡድን፣ እንደነበሩ መጠየቅ ይጠቅማል፤ የመጀመሪያ መሣሪያቸውን ከዚያ ያገኙ ጥቂት አይደሉምና።

አባል ማን ነው የሚለው ካልተወሰነ ወረቀቱ በስም ይጨናነቃል። በእኔ አስተያየት፣ አንድ ምሽት ሠርግ ላይ ተክቶ የተጫወተ ሰው ስሙ በግርጌ ይጠቀሳል እንጂ አባል አይባልም፤ ከባንዱ ጋር ተለማምዶ አዲስ ዘፈን ያዘጋጀ ግን አንድ ወር ብቻ ቢቆይም አባል ነው። ግጥሙ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ ወይም በሐረሪ መሆኑም ከዘፈኑ ርእስ ጎን ይመዝገብ፤ ድሬዳዋ ላይ የቋንቋው ለውጥ ብዙ ጊዜ የድምፃዊውን መለወጥ ተከትሎ ይመጣልና።

ተጣልቶ የወጣ ካለ፣ የወጣበት ጊዜና የተካው ሰው ይጻፍ፤ የጠቡ ምክንያት ግን ሁለቱም ወገን ካልተናገሩበት ይቅር። ረቂቁም ከመውጣቱ በፊት መጀመሪያ የሚነበበው ዛሬ መድረክ ላይ ላሉት ሳይሆን ለወጡት ቢሆን፣ የተዘለለ ስም ቶሎ ይገኛል።