ላፕቶፑ ሁለት ግራፊክስ ካርድ አለው፣ ጌሙ ግን ይንቀረፈፋል

ባለፈው ሰሞን የአክስቴ ልጅ ላፕቶፑን በብብቱ ይዞ መጣ። ጂቲኤ ፋይቭ ይጫወታል። መኪናው ግን አይነዳም፤ እንደ ፎቶ አልበም አንድ በአንድ ይገለጣል። ያየለት ባለሙያ "ግራፊክስ ካርዱ ሞቷል፣ ይቀየር" ብሎታል። ልብ በሉ፣ በአብዛኛው ላፕቶፕ ላይ ካርዱ ከማዘርቦርዱ ጋር የተበየደ ነው። ይቀየር ማለት ማዘርቦርዱ በሙሉ ይቀየር ማለት ነው። ካርዱ ደግሞ ምንም አልሆነም። ስራ የሚሰጠው አጥቶ ተኝቶ ነበር።

እንዲህ ያለ ላፕቶፕ ሁለት ጂፒዩ፣ ማለትም ምስል የሚስል ቺፕ፣ አለው። አንዱ ፕሮሰሰሩ ውስጥ ያለው የኢንቴል ወይም የኤኤምዲ ነው። ባትሪ ይቆጥባል፣ ሜሞሪ ከራሙ ይበደራል፣ ለከባድ ጌም ግን አቅም የለውም። ሌላው የራሱ ሜሞሪ ያለው ጉልበተኛው ነው። የግራፊክስ ካርድ አምራቹ ኤንቪዲያ ይህን አሰራር ኦፕቲመስ ብሎ ያስተዋወቀው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። ለኢሜይልና ለፊልም ትንሹ ይስራ፣ ጌም ሲከፈት ትልቁ ይነሳ ነው ነገሩ። አንዳንዴ ግን ኮምፒውተሩ የተከፈተው ጌም መሆኑን አያውቅም።

ስለዚህ መጀመሪያ ማን እየሰራ እንደሆነ እንይ። ጌሙን ክፈቱና እየሄደ ሳለ ኮንትሮል፣ ሺፍትና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማናጀር ይመጣል። ፐርፎርማንስ የሚለውን ንኩ። በግራ በኩል ወደ ታች ጂፒዩ 0 እና ጂፒዩ 1 አሉ፤ ስማቸውም ከስር ተጽፏል። የአክስቴ ልጅ ላፕቶፕ ላይ ኢንቴሉ 97 በመቶ ላይ ሆኖ ያቃስታል። ኤንቪዲያው 0 ነው። በሽታው ተገኘ ማለት ነው። ሁለቱም ቢንቀሳቀሱ ግን አትደንግጡ። በብዙ ላፕቶፖች ስክሪኑ የተገናኘው ከኢንቴሉ ጋር ስለሆነ ትልቁ ካርድ የሰራውን ምስል ለእሱ ያቀብለዋል።

ማይንክራፍት ጃቫ የምትጫወቱ ደግሞ ጌሙ ውስጥ ሆናችሁ ኤፍ 3ን ተጫኑ። በቀኝ በኩል ከሚዘረዘረው ጽሑፍ መሀል የካርዱ ስም አለ።

አሁን ስራውን ለትክክለኛው ካርድ እንስጥ። ሴቲንግስ፣ ሲስተም፣ ዲስፕሌይ፣ ከዚያ ግራፊክስ። ይህ ገጽ ከዊንዶውስ 10 የ2018 ማሻሻያ ጀምሮ አለ። ጌሙ ዝርዝሩ ውስጥ ከሌለ ብራውዝ ብላችሁ ፋይሉን ጨምሩ። ኦፕሽንስ ውስጥ ገብታችሁ ሃይ ፐርፎርማንስን ምረጡና ሴቭ በሉ።

ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ጋ ነው። ላውንቸሩን ይመርጣል። ላውንቸሩ ግን በር ከፋች ነው፤ ጌሙ ሌላ ፋይል ነው። ማይንክራፍት ጃቫን የሚያስኬደው ለምሳሌ ጃቫ ራሱ ነው። ፋይሉን ለማግኘት ፎልደር ለፎልደር አትንከራተቱ። ጌሙ ክፍት እንደሆነ ታስክ ማናጀር ላይ ስሙን በቀኝ ክሊክ ነክታችሁ ኦፕን ፋይል ሎኬሽን በሉ። የሚያሳያችሁን ፋይል ጨምሩ። ጌሙን ሙሉ በሙሉ ዘግታችሁ እንደገና መክፈት አለባችሁ፤ በሚሄድ ጌም ላይ ለውጡ አይሰራም።

የኤንቪዲያ ኮንትሮል ፓነል ውስጥም ተመሳሳይ ምርጫ አለ። ሁለቱ ከተጋጩ የሚሰማው የዊንዶውሱ ነው፣ ስለዚህ እዚያ ብዙ አትልፉ።

ትክክለኛው ካርድ እየሰራም የሚንቀረፈፍ ከሆነ ቻርጀሩን ገልብጣችሁ አንብቡ። የጌም ላፕቶፕ በባትሪ ሲሆን ካርዱ ሆን ብሎ ጉልበቱን ይቀንሳል። መብራት ሄዶ በባትሪ የተጫወተ ሰው ካርዱን አይውቀስ። ኦርጅናሉ ጠፍቶ በተገዛ ደካማ ቻርጀርም ያው ነው። ቮልቱን በአምፒሩ አባዙት፦ 19.5 ቮልት በ9.23 አምፒር 180 ዋት ይሆናል። 180 ዋት የሚፈልግ ላፕቶፕ በ90 ዋት ቻርጀር ይበራል፣ ቻርጅ እያደረገም ይመስላል፣ ጌም ላይ ግን ትንፋሽ ያጥረዋል።

ለአስር ደቂቃ ጥሩ ሄዶ ከዚያ የሚዝል ከሆነ ሙቀት ነው። አልጋ ላይ አስቀምጣችሁ አትጫወቱ፤ አቧራውንም አስጠርጉ።

ዴስክቶፕ ያላችሁ ከሁሉ በፊት ከጀርባ እዩ። የሞኒተሩ ገመድ የተሰካው ካርዱ ላይ ነው ወይስ ማዘርቦርዱ ላይ? ካርዱ ላይ መሆን አለበት። ስቃችሁ ይሆናል፤ እኔም አንዴ ለሁለት ቀን ድራይቨር (ዊንዶውስ ካርዱን የሚያዝበት ሶፍትዌር) ስቀያይር ከርሜ ገመድ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ሁለት ትልልቅ ካርድ ጎን ለጎን የሰካችሁ ካላችሁ፣ የእናንተ ነገር ይለያል። ኤስኤልአይ ሁለት ካርድ አጣምሮ የሚያሰራ የኤንቪዲያ ዘዴ ነው። በተለመደው አሰራሩ አንዱ ካርድ አንዱን ፍሬም (አንዱን ምስል) ሲስል ሌላው ቀጣዩን ይስላል። ተራው ትንሽ ከተዛባ የፍሬም ቁጥሩ ከፍተኛ ሆኖም ምስሉ ይንቀጠቀጣል። ባለ 4 ጊጋባይት ሁለት ካርድም 8 አይሆንም፤ አንዱ የያዘው ሌላውም ላይ ይገለበጣል። ኤንቪዲያ እ.ኤ.አ. ከ2021 መጀመሪያ ጀምሮ ለጌሞች አዲስ የኤስኤልአይ ፕሮፋይል (ጌሙ በሁለቱ ካርድ እንዲሰራ የሚያደርግ ማስተካከያ) ማውጣት አቁሟል። ኤስኤልአዩን አጥፍታችሁ በአንዱ ብቻ ሞክሩ። የተሻለ ከሄደ፣ ለአዲስ ጌም ሁለተኛውን ብትሸጡት አልፈርድባችሁም።

ጉልበተኛው ካርድ ታስክ ማናጀር ላይ ጭራሽ ከሌለስ? ዲቫይስ ማናጀር ውስጥ ዲስፕሌይ አዳፕተርስን ክፈቱ። ቢጫ ምልክት ካለበት ድራይቨሩን አጥፍታችሁ ከአምራቹ ድረ ገጽ አዲስ አውርዳችሁ ጫኑ። ኮድ 43 የሚል ከሆነና ከአዲሱ ድራይቨር በኋላም ካልጠፋ፣ ያኔ ካርዱ በእርግጥ ታሞ ሊሆን ይችላል። ባለሙያ ጋ ስትሄዱ ይህንን ቁጥር ንገሩት።

የአክስቴን ልጅ ላፕቶፕ ለማስተካከል አምስት ደቂቃ አልፈጀብኝም። እሱ ግን ጌሙን ለመሞከር ብሎ እስከ እራት ሰዓት አልተነሳም።