ጎንደር ሆኖ ባሕር ማዶ ያለ ሚስዮናዊን እንዴት ማገዝ ይቻላል?

ሽኝት ላይ ሰው አይጠፋም። እጅ ይጫናል፣ ይለቀሳል፣ አዘዞ አውሮፕላን ማረፊያ ድረስ ይኬዳል። ከዓመት በኋላ ግን ሚስዮናዊው ቋንቋው አልያዝ ብሎት፣ ልጆቹ ትምህርት ቤቱን አልለምድ ብለው ሲጨነቅ የሚደውልለት ሰው ይቀንሳል። እርዳታ የሚያስፈልገው ያኔ ነው።

መጀመሪያ አምስት ስድስት ሆናችሁ ተሰባሰቡ። አንዱ ገንዘቡን ይያዝ፣ አንዱ ይደውል፣ አንዱ ጸሎቱን ያስተባብር። ሥራው ስም ካልተሰጠው ማንም አይሠራውም።

ቀጥሎ ገንዘብ። በየወሩ የሚገባ ትንሽ ብር በዓመት አንዴ ከሚሰጥ ብዙ ብር ይሻላል። የቤት ኪራይ የሚከፈለው በየወሩ ነዋ። ቃል የገባችሁትን መጠን ደግሞ ቆም እያላችሁ እዩት። ሐምሌ 2016 የምንዛሬው ሥርዓት ሲለወጥ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100 ብር አለፈ። ያኔ በወር 1,000 ብር ይሰጥ የነበረ ሰው 17 ዶላር ገደማ ይልክ ነበር፤ ዛሬ በዚያው ብር 10 ዶላር እንኳ አይሞላም። ገንዘቡን በላኪው ቤተ ክርስቲያን በኩል፣ በባንክ ላኩ። ጥቁር ገበያ ሕገወጥ ነው፤ ሚስዮናዊውንም ችግር ውስጥ ይከታል።

ስትደውሉ "ስንት ሰው አመነ?" ብላችሁ አትጀምሩ። የመጀመሪያዎቹ ዓመታት ቋንቋና ባህል መማሪያ ናቸው። ይህን ለጎንደር ሰው ማስረዳት አይከብድም። በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የነበሩት ጀስዊት የተባሉ የካቶሊክ ሚስዮናውያን የሕዝቡን ሥርዓት በጥድፊያ ሊለውጡ ሞከሩ፤ ብዙ ደም ፈሰሰ፣ በመጨረሻም አፄ ፋሲለደስ ከአገር አስወጣቸው። ተሰዓቱ ቅዱሳን ደግሞ ከውጭ መጥተው፣ ግእዝ ተምረው፣ መጻሕፍት እንደተረጎሙ ይነገራል። ዛሬ ማንም እንደ ባዕድ አያያቸውም። እናም ወንድማችን ቀስ ቢል ታገሱት። "ዛሬ ምን በላችሁ? ጎረቤቶቻችሁ እንዴት ናቸው?" ብላችሁ ጠይቁ፣ ከዚያ ዝም ብላችሁ ስሙ።

በዓልን አትርሱ። የእኛ ገና እዚያ የሥራ ቀን ሊሆን ይችላል። ለጥምቀት ከፋሲል መዋኛ አካባቢ የሁለት ደቂቃ ድምፅ ቀድታችሁ ብትልኩ ልጆቹ ደጋግመው ይሰሙታል። የሚሄድ ሰው ካገኛችሁ በርበሬና ሽሮ በደንብ አሽጋችሁ ስጡት። ቋንጣና ቅቤ ግን ብዙ አገሮች ጉምሩክ ላይ ስለሚይዟቸው አስቀድማችሁ ጠይቁ።

ፎቶ ላይ ተጠንቀቁ። ወንጌል መስበክ በሚያስከስስበት አገር ላለ ሰው ስሙንና ከተማውን ፌስቡክ ላይ ማውጣት አደጋ ነው። እሱ ሳይፈቅድ ምንም አትለጥፉ።

ከሁሉም በላይ እዚህ የቀሩትን ቤተሰቦቹን ያዙ። የአንድ ሚስዮናዊ ወንድማችን እናት እዚሁ ጎንደር ማራኪ ሰፈር ነው የሚኖሩት። ቅዳሜ ቅዳሜ በተራ እንሄዳለን። ስኒውን ደርድረው ቡናው እስኪፈላ ልጃቸው የላከውን የድምፅ መልእክት ያሰሙናል። አንድ ደቂቃ አይሞላም። "እስቲ ድገሙልኝ" ይላሉ፣ እንደግምላቸዋለን፣ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን ይጠርጋሉ። አንድ ሌሊት ስኳራቸው ከፍ ብሎ ሐኪም ቤት የወሰድናቸው እኛ ነን። ልጃቸው ሲሰማ "ዛሬ እንቅልፍ ይወስደኛል" ብሎ ላከልን። ከሰበሰብነው ብር ሁሉ ይልቅ ያቺ ሌሊት የጠቀመችው ይመስለኛል።

ሚስዮናዊውና ቤተሰቡ ሲመለሱ ደግሞ በመጀመሪያው እሑድ መድረክ ላይ አታውጧቸው። ቤት ፈልጉላቸው፣ ልጆቹ ትምህርት ቤት እስኪገቡ አብራችሁ ሩጡ። አገሩም ዋጋውም ተለውጦ ግራ ይጋባሉ። ለማውራት ሲዘጋጁ ራሳቸው ይጀምራሉ፤ ያን ቀን ሰዓት አትገድቡባቸው።