ለቻይናውያን አዲስ ዓመት ዋዜማ ጂያኦዚ እንዴት እንደሚሠራ

የቻይናውያን ባህላዊ አዲስ ዓመት፣ ቹንጂዬ ወይም የጸደይ በዓል፣ በጨረቃ አቆጣጠር ስለሚወሰን በየዓመቱ በእኛ ከጥር አጋማሽ እስከ የካቲት አጋማሽ ባለው ጊዜ ውስጥ ይውላል። በሰሜን ቻይና የዋዜማው ምሽት ዋና ሥራ ጂያኦዚ፣ ማለትም በሥጋና በጎመን ተሞልቶ በውሃ የሚቀቀል የሊጥ ጥቅል፣ መጠቅለል ነው። ቅርጹ የጥንቱን የወርቅ ጥፍጥፍ ስለሚመስል የሀብት ምኞት ይታይበታል፤ ስሙም አሮጌው ዓመት ለአዲሱ ቦታ የሚለቅበትን የእኩለ ሌሊት ሰዓት ከሚጠሩበት ቃል ጋር በድምፅ ይቀራረባል። እኔ አሠራሩን የተማርኩት በሰሜን ቻይናዋ ከተማ ቲያንጂን ውስጥ ተማሪ ሳለሁ፣ የክፍል ጓደኛዬ እናት ለበዓሉ በጋበዙኝ ጊዜ ነበር።

በመጀመሪያ ቤቱን አስቀድመው ይጥረጉ፤ በአዲሱ ዓመት የመጀመሪያ ቀን መጥረግ የገባውን ዕድል አብሮ እንደ ማውጣት ይቆጠራል።

ለሊጡ 500 ግራም ፊኖ ዱቄት በ250 ሚሊ ሊትር ገደማ ቀዝቃዛ ውሃ ያቡኩና በእርጥብ ጨርቅ ሸፍነው ለ30 ደቂቃ ያሳርፉት።

ከባዱ ክፍል መሙያው ነው። 300 ግራም የተፈጨ ሥጋና 400 ግራም የቻይና ጎመን ይበቃል። ብዙው ቤት የአሳማ ሥጋ ይጠቀማል፤ የማይበላ ሰው በበሬ ወይም በበግ ሥጋ ቢሠራው ከባህሉ አይወጣም፤ የቻይና ሙስሊሞችም የሚሠሩት እንዲሁ ነው። ጎመኑን አድቅቀው ይክተፉና አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ነስንሰው ለ20 ደቂቃ ይተዉት፤ ከዚያም በንጹሕ ጨርቅ ቋጥረው ውሃው ጠብ ማለቱን እስኪያቆም ድረስ ይጭመቁት። ሥጋው ግን ተቃራኒውን ይፈልጋል፦ ዝንጅብል፣ ባሮ ሽንኩርትና ሶያ ሶስ ከጨመሩበት በኋላ ውሃ በማንኪያ በማንኪያ እየሰጡት፣ ሁሉንም እስኪመጥ ድረስ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ያማስሉት። ጎመኑን በሰሊጥ ዘይት አሽተው የሚቀላቅሉት በመጨረሻ፣ መጠቅለል ሊጀምሩ ሲሉ ነው።

በመጀመሪያው ዓመት ጎመኑን መጭመቅ ጣዕሙን ማባከን መስሎኝ ስላለፍኩት፣ መሙያው ውሃ አቁሮ የሊጡን ጠርዝ አራሰውና አልጣበቅ አለ፤ ድስት ውስጥ ሲገባ ሃያ የሚሆኑት ተከፈቱ። እናቲቱ ቅጠሉንና ሥጋውን በወንፊት እየለቀሙ «ዠንግ ለ» አሉኝ፤ «አተረፈ» እንደ ማለት ነው። በዚያ ሌሊት «ተበላሸ» ወይም «ተሰበረ» የሚል ቃል ከአፍ አይወጣም። ደግነታቸውን አልረሳሁትም፤ ጎመን ሳልጨምቅም ዳግም ሠርቼ አላውቅም።

ሊጡን ቆራርጠው፣ እያንዳንዱን መሐሉ ወፈር፣ ጠርዙ ሳሳ እንዲል በአጭር መዳመጫ ይዳምጡት። የሊጥ መዳመጫ ማሽን አልመክርም፤ ሁሉንም እኩል ስለሚያሳሳው ሆዱ ይቀደዳል። አንድ የሻይ ማንኪያ መሙያ አድርገው እንደ ሳምቡሳ ጠርዙን ሲያጣብቁ ዘይት እንዳይነካው ይጠንቀቁ። በአንዱ ውስጥ ሳንቲም መደበቅ የቆየ ልማድ ነው፤ ያገኘው ሰው ዓመቱ ይቀናዋል። ሕፃናት ባሉበት ቤት ግን ለጥርስም ለጉሮሮም አደገኛ ስለሆነ ይተዉት።

እኩለ ሌሊት ሲቃረብ በሰፊ ድስት በሚንተከተክ ውሃ ይጨምሩና ሥሩ እንዳይዝ ወዲያውኑ በጭልፋ ጀርባ ይግፉት። በፈላ ቁጥር አንድ ስኒ ቀዝቃዛ ውሃ ያክሉ፤ ሦስት ጊዜ ከደጋገሙ በኋላ ሊጡ ሳይፈራርስ ሥጋው ይበስላል። ከአቼቶና ከተፈጨ ነጭ ሽንኩርት ጋር ይቀርባል።

ከተረፈዎት ጥሬውን ዱቄት በተነሰነሰበት ትሪ ላይ ሳይነካካ ደርድረው ፍሪዘር ውስጥ ያቀዝቅዙት፤ በሰሜኑ ከበዓሉ በአምስተኛው ቀን ጂያኦዚ ዳግመኛ ይበላል።