ዶሮዎቹ ተከትበው ለምን በፈንግል ያልቃሉ?

"አስከትቤ ነበር እኮ፣ ግን ሙልጭ ብለው አለቁብኝ" የሚል አርቢ መዓት ነው። ክትባቱ ፎርጅድ ነው ከማለታችሁ በፊት መቼ እንደሞቱ አስቡ።

በተከተቡ በጥቂት ቀን ውስጥ አንገታቸው ተጠማዞ፣ ኩሳቸው አረንጓዴ ሆኖ ከሞቱ
በሽታው ቀድሞ ገብቷል። ክትባት ያዳነው በሽተኛ ዶሮ የለም፤ ሰውነት መከላከያ እስኪሠራ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ይፈልጋል። ብዙ ጊዜ ይዞት የሚመጣው ከገበያ የተገዛው ነው፣ ወይም ለበዓል ወጥቶ ሳይሸጥ የተመለሰው አውራ። እንዲህ ያለውን ሁለት ሳምንት ለብቻው አቆዩት። ከክትባት በኋላ ትንሽ ማስነጠስ ግን ያለ ነገር ነው፣ አትደንግጡ።

ሳምንታት ቆይተው ከሞቱ
እዚህ ላይ ክትባቱን ራሳችን ገድለነው ይሆናል። ብልቃጡ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ መቆየት አለበት፣ በፌስታል ተንጠልጥሎ ፀሐይ ላይ ከዋለ አበቃለት። በረዶ በያዘ ሳጥን ውሰዱት። ፍሪጅ ለሌለው ሰፈር ሙቀትን የተሻለ የሚቋቋም አይ-2 የሚባል ክትባት አለ፣ ቢሾፍቱ ያለው የእንስሳት ክትባት ማምረቻ ተቋም ያመርተዋል፤ ዓይን ላይ ጠብ ይደረጋል፣ በየ3 እስከ 4 ወሩ ይደገማል።

ሌላው ጉድ ክትባቱ ተበጥብጦ የሚጠጣበት ውሃ ነው። የቧንቧ ውሃ ክሎሪን አለው፣ ክሎሪን ደግሞ ሕያው ክትባትን (በሕይወት ያለ የተዳከመ ቫይረስ የያዘውን) ይገድላል፣ በበረኪና የታጠበ መጠጫም እንደዚያው። ንጹሕ የጉድጓድ ውሃ ተጠቀሙ፤ ከሌለ ክሎሪኑን እንዲያከሽፈው በ1 ሊትር የቧንቧ ውሃ 2 ግራም ተኩል ያህል ቅባት የሌለው የወተት ዱቄት በጥብጡና ግማሽ ሰዓት ጠብቃችሁ ክትባቱን ጨምሩ። ዶሮዎቹ አስቀድመው ከ1 እስከ 2 ሰዓት ውሃ ይከልከሉ፣ ከዚያ የተበጠበጠውን በ2 ሰዓት ውስጥ ይጨርሱት። መጠጫው ካነሰ ጉልበተኞቹ ጠጥተው ደካሞቹ ጦማቸውን ይቀራሉ። ዶሮዎቹ ጥቂት ከሆኑ የዓይን ጠብታ ይሻላል። የተረፈውን ለነገ ማስቀመጥ ከንቱ ነው፣ ከጎረቤት ጋር ተጠራርታችሁ በአንድ ቀን ጨርሱት።

ጫጩቶቹ ገና ሲፈለፈሉ ተከትበው አድገው ከሞቱ
ከእናታቸው ያገኙት መከላከያ የመጀመሪያውን ክትባት ያዳክመዋል። በ3ኛው ሳምንት አካባቢ ላሶታ በሚባለው የፈንግል ክትባት ማስደገም ያስፈልጋል፤ ብዙ ሰው የሚዘላት እሷን ነው።

ከ3 እስከ 6 ሳምንት ባለው ዕድሜ ነጭ ውሃማ ኩስ ካሳዩ
ጉምቦሮ የሚባለው ሌላ የዶሮ በሽታ ሊሆን ይችላል፣ የፈንግል ክትባት ደግሞ እሱን አይነካውም። የራሱ ክትባት አለው። ከመገመት አዲስ የሞተውን በፌስታል ደራርባችሁ አስራችሁ የእንስሳት ሐኪም ጋ ውሰዱ፣ ሌሎቹን የሞቱትን በጥልቀት ቅበሩ፤ ለውሻ አይጣልም።