እርከን ሠርተን ጎርፍ ለምን ይበላናል? ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሐምሌ ላይ አንድ ሌሊት ይበቃል። ትናንት ጤፍ የተዘራበት ማሳ ጠዋት ሲታይ መሐሉ ተሰንጥቋል፣ ግርጌው ላይ ደግሞ አሸዋና ጠጠር ተኝቶበታል። ዘሩ የለ፣ ማዳበሪያው የለ፣ አፈሩ የለ። እኔ ያደግሁት ደቡብ ወሎ፣ ተዳፋት ላይ ነው። በኋላም ጎጃም ውስጥ የልማት ጣቢያ ሠራተኛ ሆኜ ገመድና ውሃ ልክ ይዤ ዳገት ስወጣ ስወርድ ዓመታት አሳልፌያለሁ።

የሚቆጨኝ ሰው ሳይሠራ መቅረቱ አይደለም። ጥርና የካቲት ላይ ሕዝቡ ዶማና አካፋ ይዞ ይወጣል፣ እርከን ለመሥራት ለሳምንታት ይቆፍራል፣ ድንጋይ ይሸከማል። ከዚያ ክረምት ይገባና የዚያን ሁሉ ድካም ብዙውን ክፍል ጠርጎት ይሄዳል።

የጉዳቱን መጠን ለማየት አንድ ቁጥር ብቻ ልንገራችሁ። በኢትዮጵያ ደጋ ከታረሰ 1 ሄክታር መሬት በአማካይ በዓመት 42 ቶን አፈር ይታጠባል የሚል የቆየና የታወቀ ግምት አለ። 420 ኩንታል ማለት ነው። ከዚያው ሄክታር ጤፍ ቢሳካልን 20 ኩንታል ብናገኝ ነው። ሃያ እያስገባን አራት መቶ ሃያ እያስወጣን ነው።

ጎርፉ በታየበት ቦታ መጀመር

ከሁሉም የሚከፋው ይሄ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ሰው የሚያየው ጉዳቱን ነው። መንገዱ ተቆርጧል፣ ጓሮው እየተናደ ነው፣ ስለዚህ ድንጋዩም ጋቢዮኑም (ድንጋይ የሚሞላበት የሽቦ ሣጥን) እዚያው ይደረደራል። እዚያ የደረሰው ውሃ ግን ጉልበቱን ሰብስቦ ጨርሷል። ላይ ሸንተረሩ ላይ እያለ አንድ ጉድጓድ የሚያስቀረው ነበር። ትንሽ ሲወርድ ሌላው ይቀላቀለዋል፣ የከብት መሄጃ ያገኝና ይፈጥናል፣ ታች ሲደርስ በሬ ይወስዳል።

ድሬዳዋን አስቡ። ሐምሌ 1998 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ፣ ሰው በተኛበት ሌሊት፣ የደቻቱ ወንዝ ጎርፍ መጥቶ ከ200 በላይ ሰዎች ሞቱ። ደቻቱ አብዛኛውን ዓመት ደረቅ አሸዋ ነው፤ ሰው ይሻገርበታል፣ ይነግድበታል። ያ ውሃ የተነሳው ከላይ፣ ከሐረርጌ ደጋ ነው። ከተማው ውስጥ ቆሞ የሚጠብቀው ሰው ያን ሌሊት ምንም ሊያደርግ አይችልም ነበር።

ስለዚህ ሥራው ከተራራው አናት ይጀምር። መጀመሪያ ውሃ የሚለያይበትን ጫፍ ፈልጉ፤ ዝናቡ ሲወርድ ግማሹ ወደ እናንተ፣ ግማሹ ወደ ማዶ ሸለቆ የሚሄድበትን መስመር ማለቴ ነው። ከዚያ ወደ ታች ውረዱ። የላይኛው ሳያልቅ የታችኛውን አትንኩ። ችግሩ ያ ጫፍ ብዙ ጊዜ የወል ግጦሽ ነው፣ ወይም የሌላ ቀበሌ ነው፣ «የእኛ አይደለም» ተብሎ ይታለፋል። ውሃ ግን የቀበሌ ወሰን አያውቅም። ሽማግሌ ልካችሁም ቢሆን የላይኞቹን አነጋግሩ። የእናንተ ማሳ ዕጣ ያለው እነሱ ጋ ነው።

እርከንን በዓይን ማስመር

ዓይን ያታልላል፣ ተዳፋት ላይ ደግሞ የባሰ ያታልላል። የሚያስፈልገው 10 ሜትር ገመድ፣ እኩል ቁመት ያላቸው ሁለት ዘንጎችና ገመዱ መሐል ላይ የምትንጠለጠል አንዲት ውሃ ልክ ነው። ሦስት ሰው ይበቃል። እርከኑ አንድ ቦታ ላይ ስንዝር ዝቅ ካለ የመስመሩ ውሃ ሁሉ ወደዚያች ዝቅታ ይሄዳል፣ ይሞላል፣ ይሰብራል። የተሰበረው ከሥሩ ያለውን ይዞ ይወርዳል፣ ያኛውም ቀጣዩን። እንዲህ ከሆነማ እርከኑ ባይኖር ይሻል ነበር።

ርቀቱም በግምት አይሁን። 10 ሜትር ሄዳችሁ 1 ሜትር የምትወርዱበት ተዳፋት ከሆነ እርከኑ በየ10 ሜትሩ፣ ለዘብ ብሎ 20 ሜትር ላይ 1 ሜትር የሚወርድ ከሆነ በየ20 ሜትሩ ይሁን። የአፈር እርከን ደግሞ ተጠቅጥቆ ካለቀ በኋላ ቁመቱ ቢያንስ 60 ሳንቲ ሜትር ሊሆን ይገባል። ሳይጠቀጠቅ 60 የነበረው አንድ ከባድ ዝናብ ሲመታው 40 ይሆናል።

አንድ ዓመት የኪሎ ሜትር ኮታ ተሰጥቶን ነበር። መለካቱንም መጠቅጠቁንም ትተን ርዝመት ስናሳድድ ከረምን። ሪፖርቱ ሞላ። ሐምሌ ሳይጋመስ ብዙው ተንዶ አየሁት፣ ጠዋት ጠዋት ቆሎ ይዘው ሲቆፍሩ የነበሩት እናቶች ፊት ላይ ያየሁት ነገር እስከ ዛሬ ከዓይኔ አይጠፋም።

አንድ ዓይነት እርከን ለሁሉም መሬት

ዝናብ በሚያጥርበት አገር እርከን ውሃውን እዚያው ማስቀረት አለበት፤ ስለዚህ ልኩ የተስተካከለ፣ ጉድጓዱም በየጥቂት ሜትሩ የተገደበ ይሁን። ዝናብ በሚበዛበት የጎጃም ደጋ ግን ይሄው እርከን ማሳውን ረግረግ ያደርገዋል። ደምበጫ አጠገብ ያለችው አንጀኒ ጥሩ ማስተማሪያ ናት። እዚያ በ1970ዎቹ ፋንያ ጁ የሚባለው፣ ከቦዩ የወጣውን አፈር ወደ ላይ በመወርወር የሚሠራው እርከን ገባ። መሬቱ ቀስ በቀስ ደረጃ እየሠራ ሄደ፣ አፈሩም ተያዘ። ነገር ግን ከእርከኑ ጀርባ ውሃ እየተኛ ሰብል ያስቸገረበት ጊዜም ነበር።

እንዲህ ባለ ቦታ እርከኑ በጣም ትንሽ ዘንበል ይበል፤ 100 ሜትር ላይ ከግማሽ እስከ 1 ሜትር። ውሃው ቀስ ብሎ ወደ ጎን ወጥቶ ሣር ወደ ለበሰ ማፋሰሻ ይግባ። ዋልካ ላይ፣ ውሃ ቋጥሮ በሚይዘው ጥቁር አፈር ላይ ማለቴ ነው፣ ይሄ ግዴታ ነው። ገበሬው ክረምት ላይ እርከኑን በዶማ ሲቆርጠው «ልማት አፍራሽ» ብለን ከመጮህ በፊት ማሳውን እንይለት። ሰብሉ ቢጫ ሆኖበት ነው።

ውሃውን ጎረቤት ላይ መልቀቅ

ፈሰስ የማያወጣ ገበሬ የለም። ውሃ ማሳ ላይ እንዳይተኛ በማረሻ የምትወጣዋ ቦይ ናት። መውጣቷ ስህተት የለውም። ጥያቄው መጨረሻዋ ነው። አንድ ጊዜ አንድ አባት ማሳ ላይ ቆሜ «አያ፣ ይቺ ፈሰስ ወዴት ነው የምትሄደው?» አልኳቸው። «ወደ ታች ነዋ» አሉኝ። አብረን ተከትለናት ወረድን። የወንድማቸው ልጅ ማሳ ውስጥ ገብታ፣ ከሌሎች ሦስት ፈሰሶች ጋር ተገናኝታ፣ ሰው የሚውጥ ጉድጓድ ሆናለች። አያ ዝም ብለው ለረጅም ጊዜ ቆሙ። ልጁ ከእሳቸው ጋር መነጋገር ካቆመ ሁለት ዓመት ሆኖት ነበር።

መውጫ የሌለው ቦይ ሁሉ መጨረሻው ቦረቦር፣ ጎርፍ የቆፈረው ገደል ነው። ስለዚህ ቅደም ተከተሉን አትገልብጡ፦ መጀመሪያ የጋራ ማፋሰሻው ይዘጋጅ፣ ሣር ይተከልበት፣ ሣሩ ሥር እስኪይዝ አንድ ክረምት ይጠበቅ፤ ከዚያ በኋላ ነው ከየማሳው የሚመጣው ቦይ የሚገባበት። መንገድ ሲሠራም እንዲሁ። ከአስፋልት ሥር ያለው ቱቦ የረጅም ርቀት ውሃ ሰብስቦ አንድ ሰው ማሳ ላይ ይለቃል። መንገዱ ተሠርቶ ከማለቁ በፊት ተሰብስባችሁ ቱቦው የት እንደሚተፋ ጠይቁ። ካለቀ በኋላ የሚሰማ ማግኘት ከባድ ነው።

ቦረቦርን በድንጋይ ብቻ መድፈን

ክትር፣ ማለትም ቦረቦሩን አቋርጦ የሚደረደረው የድንጋይ ግድብ፣ ሲሠራ የማየው ስህተት ሁሌ አንድ ዓይነት ነው፤ መሐሉና ጠርዙ እኩል ይሆናል። ውሃው መሐል ላይ መውጫ ሲያጣ ዳሩን ቆርጦ ይሄዳል፣ ክትሩ ብቻውን ደሴት ሆኖ ይቀራል። መሐሉ ዝቅ ይበል። ሁለቱ ጫፎች ወደ ግራና ቀኙ ገደል ግማሽ ሜትርና ከዚያ በላይ ይግቡ። ውሃው ዘሎ የሚወድቅበት ቦታ ድንጋይ ይነጠፍበት። ርቀቱን ለማወቅ ደግሞ ቀላል ነው፦ የላይኛው ክትር እግር ከታችኛው መውጫ ጋር በቁመት እኩል መሆን አለበት።

ዋልካ ላይ ግን ድንጋይ ብቻውን አያድንም። ባሕር ዳር አካባቢ ደብረ መዊ ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት የቦረቦሩን ግድግዳ የሚንደው ከላይ የሚወርደው ጎርፍ ብቻ አይደለም። ክረምቱ ሲገፋ ከመሬት ውስጥ የሚሞላው ውሃም ግድግዳውን አርሶ ይጥለዋል። ስለዚህ ገደሉን በዶማ እያዘነበላችሁ ዝሆኔ ሣር ወይም ቬቲቨር የሚባለውን ሣር ትከሉበት፣ ከብት አታስገቡበት። ትልቁ ቦረቦር ላይ ገንዘብ ከማፍሰስ ደግሞ ገና ጉልበት ያህል የሆኑትን ትንንሾቹን ዘንድሮ መዝጋት ይሻላል።

ሠርቶ ከብት መልቀቅ

ኅዳርና ታኅሣሥ አዝመራው ይነሳል፣ ከብቱ ይለቀቃል። እርከኑ ይረገጣል፣ ሣሩ ከነሥሩ ይነቀላል። ሁለት ወር የተሠራው በአንድ በጋ ያልቃል። ይሄን ማንም በዘበኛ አይከላከለውም። ሕጉ የራሳችሁ ይሁን። ዕድር ያወጣው ደንብ ከየትኛውም ደብዳቤ ይበልጥ ይከበራል፣ ቅጣቱንም ሰው ሳያንገራግር ይከፍላል። ለከብቱ ግን ምትክ አዘጋጁ። ከተከለለው ቦታ ሣሩ በማጭድ እየታጨደ ለሁሉም አባወራና እማወራ እኩል ይከፈል።

ትግራይ ውስጥ ያለችው አብርሃ ወአጽብሃ እንዲህ አድርጋ ነው የተለወጠችው። ተራራው ተከለለ፣ ውሃ ማስረጊያ ተቆፈረ፣ ከዓመታት በኋላ የጉድጓዱ ውሃ ከፍ አለና ሜዳው ላይ አትክልትና ፍራፍሬ መጣ። በ2004 ዓ.ም. የተባበሩት መንግሥታት የልማት ፕሮግራም የኢኳተር ሽልማት ሰጥቷታል።

ችግኝ ላይ ብዙ አልልም። ፕላስቲኩን ሳታወልቁ አትትከሉ። ዝናቡ ሊወጣ ሲል ሳይሆን ሲገባ ትከሉ። ሐምሌ 22 ቀን 2011 ዓ.ም. በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ ተነግሯል። እኔ ግን ሰው ስጠይቅ የተተከለውን ሳይሆን የጸደቀውን ነው የምጠይቀው፤ እናንተም ቀበሌያችሁ ውስጥ ጥር ላይ ወጥታችሁ ቁጠሩ። እርከን አጠገብ ባሕር ዛፍ ደግሞ ይቅርባችሁ፤ ከሥሩ ሣር ስለማይበቅል አፈሩ ራቁቱን ይቀራል።

ሠርቶ መርሳት

በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲቀየር በብዙ ቦታ እርከን ፈረሰ፣ የወል ደን ተቆረጠ። ሰው የራሴ ነው ያላለውን ነው ያፈረሰው። ኮንሶ ሂዱና እዩ። እዚያ ድንጋዩን የሚደረድረው አባት ከአባቱ የተማረውን ነው። በ2003 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት የተመዘገበው ያ መሬት ዛሬም የቆመው አንድ ድንጋይ ስትወድቅ ባለቤቱ እዚያው ሳምንት ስለሚመልሳት ነው።

እና አንድ የመጨረሻ ስህተት አለ፣ እኔም ለዓመታት ስሠራው የኖርኩት። ዝናብ ሲጀምር ሁላችንም ቤት እንገባለን። አባቴ ግን ይወጣ ነበር። መብረቁ ጋብ ሲል ፌስታል ራሱ ላይ አድርጎ፣ አካፋ ይዞ፣ ማሳው ጫፍ ላይ ይቆማል። ውሃው የት እንደሚሰበሰብ፣ የት እንደሚዘል፣ የቱ ጋ እንደሚደፈርስ ያያል። ምልክት እንዲሆነው እንጨት ይተክልበታል። በማግስቱ የሚሠራው እንጨቶቹ ያሉበትን ብቻ ነው፤ አንድ ሦስት አካፋ አፈር፣ አንዳንዴ አንድ ድንጋይ።