በጓሮ የሚረባ የጥንቸል ሥጋ ኪሎው ስንት ይፈጃል? ሳይጀምሩ ሒሳቡን ይሥሩ

ከሁሉም በፊት፣ ማን ይበላዋል? በአገራችን የኦርቶዶክስ አማኝ ጥንቸል አይቀምስም፤ ዘሌዋውያን 11 ላይ ተከልክሏል። የሚበላው የራስዎ ቤተሰብ ከሆነ ጥሩ። ለገበያ ከሆነ ግን ገዢውን አስቀድመው በስም ይያዙ። አለበለዚያ ጥንቸሎቹ ለጎረቤት ልጆች መጫወቻ ይሆናሉ።

1. የሚያገኙትን ሥጋ ይገምቱ። ጥንቸል የምታረግዘው 31 ቀን ገደማ ነው። አንዲት እናት በዓመት 5 ጊዜ ወልዳ በየጊዜው 6 ግልገል ብታሳድግ 30 ይሆናሉ። በ3 ወር አንዱ 2 ኪሎ ቢመዝን፣ ሲታረድ ሥጋው ግማሽ ያህሉ ነው። ስለዚህ በዓመት 30 ኪሎ። ይሄ ደህና ዓመት ነው፤ የሚሞትም አለ።

2. የቤቱን ወጪ በዓመት ያካፍሉ። ጥንቸል እንጨት ስለምታኝክ የሽቦ ቤት ይሻላል። ለአንዲት እናት 75 በ90 ሴንቲ ሜትር ይበቃል። ወንዱ ለብቻው፣ የሚያድጉትም ለብቻቸው ይቀመጣሉ። ሁሉም በ12,000 ብር ተሠርቶ 4 ዓመት ቢያገለግል፣ በዓመት 3,000 ብር ነው። የሰፈርዎን ዋጋ እርስዎ ይተኩበት።

3. አሁን ወደ መኖው፤ ኪስ የሚያራቁተው እሱ ነው። ግልገል ጡት ሲጥል ግማሽ ኪሎ ይሆናል። የቀረውን 1.5 ኪሎ ለመጨመር 5 ኪሎ ከሩብ ያህል የተዘጋጀ መኖ ይበላል። ለ30ዎቹ 157 ኪሎ መሆኑ ነው። እናቲቱ 100፣ ወንዱ 50 ኪሎ ያህል ይበላሉ። ድምሩ ወደ 310 ኪሎ ይጠጋል። ኪሎው 40 ብር ነው ብንል 12,400 ብር ይመጣል። የቤቱን ሲጨምሩ 15,400፤ ለ30 ኪሎ ሲካፈል አንዱ ኪሎ ሥጋ 513 ብር ገደማ ወጣበት። ጉልበትዎና መድኃኒት ገና አልተቆጠሩም።

4. መኖውን በዘዴ ይቀንሱ። ድርቆሽ፣ አልፋልፋና የስኳር ድንች ቅጠል ጥሩ ናቸው። ነገር ግን "ሣር በነፃ ነው" ብለው አይዘናጉ። እርጥብ ሣር አብዛኛው ውኃ ስለሆነ፣ አንድ ኪሎ ደረቅ መኖን ለመተካት 4 ወይም 5 ኪሎ ማጨድ አለብዎት። እድገቱም ይዘገያል። የድንችና የቲማቲም ቅጠል አይስጡ፤ ይመርዛል። የሻገተ ፉርሽካ በርካሽ ተገኘ ብለው አይግዙ።

5. ወንዱን ያሠሩት። ለአንዲት እናት ብቻ ከተቀመጠ 50 ኪሎ መኖው በ30 ኪሎ ሥጋ ላይ ይጫናል፤ ይህም በኪሎ 67 ብር ያህል ነው። እናቶቹን 4 ካደረጓቸው ግን ወደ 17 ብር ይወርዳል። ቦታና የሚበላ ሰው ካለዎት፣ ከአንድ ይልቅ በ3 ወይም በ4 እናት መጀመር የሚሻለው ለዚህ ነው።